ሳይቀመስ የጣመ ወጥ

መቼም በእናቱ ወጥ የማይመካ ሰው የለም። እኔም እመካ ነበር። የእናቴን የዓሣ ወጥ በልቶ «እጅሽ ይባረክ» ሳይል የተነሣ እንግዳ አላስታውስም። ዳሩ ግን ያ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የጠየቀቻት ሌላ ናት፤ ያውም ከጃፓን የመጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ ቡራዩ የሚኖር አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ደወለልኝ። «ኪዮቶ በምትባለው ከተማ፣ በገዛ ቤቷ፣ ለመንገደኞች ያገሯን ምግብ አሠራር የምታስተምር ሴት ይዣለሁ። ሥጋ አትበላም፤ ዓሣ ግን ትበላለች። በሰው ቤት ገብታ ከባለሙያ እጅ ወጥ መማር አምሯታል። ትከፍላለች። እስቲ እማማን አማክርልኝ» አለኝ። ሴትዮዋ በልጅነቷ ከአባቷ የሰማችው አንድ የኢትዮጵያ ስም ነበራት፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው የአበበ ቢቂላ ስም። ስለዚህ ሱሉልታ ወጥታ፣ በማለዳው ብርድ የሚለማመዱትን ሯጮች ስታይ ሰንብታለች። የቀራት ወጡ ነው።

እናቴ የምትኖረው ሰበታ ነበር። ሦስቱ ከተሞች ያኔ በየራሳቸው ይጠሩ ነበር፤ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ነው። ሄጄ ነገርኳት። እንግዳ መምጣቱን በደስታ ሰማች። ገንዘቡን ሳነሣ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ቤቴ ገብቶ ለበላ ሰው ሒሳብ ላቅርብለት? ሆቴል ልታደርገኝ ነው?»

ክረምት ሳይገባ የሚለወጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረባት፤ የእኔም ኪስ ባዶ ነበር። ቢሆንም አልተከራከርኳትም። ለወዳጄም «እሺ ብላለች» አልኩት እንጂ፣ ክፍያውን እንዳላነሣባት መከልከሏን ደበቅሁት። የዋሸሁት ሁለቱንም ነው።

ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። በኩሬዎቹ የቆሮሶ ጫጩት እየረባ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኛ ግን ወንዝ እንዳለው የማይዋኝ ሰው ነን፤ ለገበታችን የሚደርሰው አብዛኛው ከዝዋይ ተጭኖ የመጣ ነው። የዚያን ዕለትም እንዲያው ሆነ።

ዓሣው ገና ሎሚ ሳይነካው አንድ ነገር ወጣ። «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር በአገራችን የቆየ ነው፤ እናቴ ከማይበሉት ወገን ነበረች። በሃምሳ አምስቱ የሁዳዴ ቀናት ዓሣ በአፏ አይዞርም። እንግዳዪቱ ይህ ሲተረጎምላት ደነገጠችና «እንግዲያው ሌላ እንሥራ» አለች። እናቴ ሳቀች።

«ልጆቼን በጾም ሥጋ እየሠራሁ አይደል ያሳደግኋቸው? አንድ ቀን ቀምሼ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። ለመጾም ባልደረስንበት ዕድሜ በሁዳዴ የበላነው ወጥ ሁሉ ሳይቀመስ የተሠራ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሥራው ተጀመረ። ቀይ ሽንኩርቱ ደቅቆ ያለ ዘይት ምጣዱ ላይ ተጣደ። «ለምን ዘይት የለውም?» ተባለች። «መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይጨርስ» አለች። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት። እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ድንገት «ውሃ ጨምሪበት፤ ድምፁ ተለወጠ» ትላለች። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ውሃ ከለሰችው፤ ዓሣው እንዳይፈራርስ በመጨረሻ ገባ።

እንግዳዪቱ ትንሽ ሚዛን ይዛ ነበር። እናቴ በርበሬ ልትጨምር በዘገነች ቁጥር ሚዛኑን ታቀርባለች። 39 ግራም፤ 41 ግራም፤ 40 ግራም። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየች፣ የእናቴን እጅ አየች፣ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ እናቴን የምትጠራት «ሴንሴይ» ብላ ሆነ፤ መምህር ማለት ነው። ሚዛኑን ያላስጠጋችው ጨውን ብቻ ነው። ሳታቀርብላት በፊት እናቴ ጣል አደረገችው።

«ጨዉን በምን አወቅሽው?»

«በዓይኔ ነዋ! የቀረውን አፍንጫዬ ይነግረኛል።»

ወጡ እስኪንተከተክ የጃፓን ነገር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የላም፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ በዓመቱ የተወሰኑ ወራት እንዳይበላ አውጀው ነበር። የሥጋ ነገር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ሲታይ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ እ.ኤ.አ. በ1872 የበሬ ሥጋ መብላታቸው ተሰማ። ስለዚህ ሥጋ ትቶ ዓሣ ለሚበላ መንገደኛ ጃፓን ትመቻለች። ዓሣም ለማይበላው ግን ትከብዳለች፤ «ዳሺ» የሚሉት የዓሣ መረቅ የማይገባበት ሾርባ ጥቂት ነውና። የእኛ አገር ተገላቢጦሽ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር ጾማችን በዓመት ከ200 ቀን ስለሚበልጥ፣ ሥጋም ዓሣም የማይበላ መንገደኛ በየደጁ ሽሮና ምስር ያገኛል።

እንግዳዪቱ ዳሺውን ልታሳየን ተነሣች። ከቦርሳዋ «ኮምቡ» የሚባል የደረቀ የባሕር ቅጠልና እንደ እንጨት የደረቀ ዓሣ በመላጊያ የተላገ ስስ ልጣጭ አወጣች። ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ በዝግታ ይሞቃል፤ ሊፈላ ሲል ይወጣል። ከዚያ የዓሣው ልጣጭ ገብቶ ጥቂት ቆይቶ ይጠለላል። ልጣጩን ልትጨምር እጇን ካነሣች በኋላ ግን ቆም አለች፤ ግማሹን መረቅ ለብቻው ቀዳችና የደረቀ እንጉዳይ ጨመረችበት። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋም ዓሣም ሳይነካው የሚሠሩት እንዲህ ነው አለች። ለእናቴ በሁለት እጇ አቀረበችላት።

እናቴ ቀመሰች። ዝም አለች። «ጨው አንሶታል» አለች፤ ደግማ ቀመሰችና «ግን አንድ ነገር አለው» አለች። ሲኒውን ባዶ መለሰችው።

ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ የፈራሁት መጣ። እንግዳዪቱ ፖስታ አውጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ዘረጋች። እናቴ እሷን ሳይሆን እኔን አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ወዳጄ ነገሩ ገባውና በእንግሊዝኛ አንሾካሾከላት። ሴትዮዋ እጇን አልሰበሰበችም።

«ምግቡን አልገዛሁም» አለች በአስተርጓሚ። «ምግቡን በእንግድነት በላሁ። ይህ የመምህር ነው። እኔም ቤቴ መጥተው ከሚማሩት እቀበላለሁ።»

እናቴ ጥቂት አሰበች። «እንዲያ ከሆነ ደግ ነው» ብላ ተቀበለች። እኔን ለሳምንት አኮረፈችኝ። ጣሪያው ግን ተለወጠ።

እኛ ወጥ የምታውቅ ሴት «ባለሙያ» እንላለን። ቃሉን ከአናጢውና ከሐኪሙ እኩል ሰጥተናታል። አናጢው ግን ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከእርሱ ሥር ሆኖ የሚማርም አለው። እናቴ በሰባ ዓመቷ አንድ ተማሪ አገኘች፤ እሷም ልጇ አልነበረችም።

እናቴ በ2016 ዓ.ም. ዐረፈች። እንግዳዪቱ በጊዜው የማስታወሻዋን ሁለት ገጽ በወዳጄ በኩል ልካልን ነበር። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነው፤ እኔ የማነበው ቁጥሮቹን ብቻ ነው። ባለፈው ሁዳዴ ሚዛን ገዝቼ፣ ሰበታ፣ በዚያው ምድጃ ላይ ሞከርሁት። እኔ በጾም ዓሣ ከሚበሉት ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ሳልቀምስ ልሥራው ብዬ ነበር። በርበሬው ልክ ሆነ። ሽንኩርቱም ቢሆን አላረረም።

ጨው ግን በዛበት። የጨዉ ልክ በወረቀቱ ላይ የለም።