ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በዝግታ

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚያደርሰው መንገድ ዐቀበት መሆኑን ጤነኛ ሰው ልብ አይለውም። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዳሩ ግን አንጀቱ ተጠማዝዞበት ሆዱ በቀዶ ሕክምና የተከፈተ ሰው ይህን መንገድ ሲጀምር፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ መሆንዋን ሳንባው ራሱ ይነግረዋል። እኔም ባለፈው ጥቅምት ይህን የለመድሁትን ጎዳና እንደ እንግዳ አገር ሆኖ አገኘሁት።

በቤታችን ልማድ ሕመምተኛ ይተኛል፥ ይጠየቃል፥ አጥሚት ይጠጣል እንጂ ተነሥቶ ይሂድ የሚል የለም። በዚህስ አንታማም፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም ዘንድ ሐሳቡ ብዙ ዘመን ይኸው ነበርና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. በቺካጎ የነበሩት ሐኪም ኤሚል ሪስ ሆዳቸው የተቀደደ ሕሙማን በቶሎ ከአልጋ ይውረዱ ብለው ጽፈው ነበር፤ ምክሩ በሰፊው የተያዘው ግን ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ምክንያቱም ብዙ ቀን በተኛ ሰው ባት ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ቢሄድ በድንገት ይገድላል። ሳንባም በመተኛት ብዛት እስከ ታች ሳይከፈት ይቀራል፥ ጡንቻም ይሟሽሻል።

በሐኪም ቤት በማግሥቱ አስነሡኝ። ትራስ በቁስሌ ላይ ደግፌ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ስምንት ርምጃ ሄድሁ፤ ከዚያም ላቤን ጠርገው አስተኙኝ። ጭንቁ የመጣው ወደ ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ፥ «ልጄ፥ የተሰፋ ነገር ካላረፈ ይተረተራል» አለችኝ። ሐኪሙ የነገሩኝን ሁሉ ባስረዳት፥ «እንግዲያስ እኔም እከተልሃለሁ» ብላ በርጩማዋን አንሥታ ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በከዘራ፥ እርስዋ በርጩማ ይዛ፥ ፀሐይ ሞቅ ሲል እንወጣ ጀመር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከግቢው በር አላለፈም። በሁለተኛው የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. መታሰቢያ የሆነውን የአራት ኪሎን ሐውልት ደረስን። ወደ ላይ የመጀመራችን ብልሃት፥ ጉልበት ሲያልቅ መመለሻው ቁልቁለት እንዲሆን ነው። ልኬቱም ንግግር ነበር፤ ከአክስቴ ጋር እያወጋሁ ለመሄድ ትንፋሽ ካጠረኝ ርምጃዬን እቀንሳለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሕመሙ ከበረታም ርቀቱን እናሳጥራለን። እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሣ ስለ ታዘዝሁ፥ ያች በርጩማ እንኳ በእኔ እጅ አልገባችም።

በአራተኛው ሳምንት አምስት ኪሎ፥ በብሔራዊ ሙዚየም በር ፊት ተቀመጥሁ። ይህ በ1967 ዓ.ም. በአፋር የተገኘችው የድንቅነሽ ቤት ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግርዋ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር አጥንትዋ ይመሰክራል፤ እኔ ግን በዚያው በር ሦስተኛ እግር ጨምሬ ነበር። አክስቴ ይህን ስነግራት፥ «እርስዋንስ ማን ደግፎ አስተማራት?» ብላ ሳቀች፤ ከታመምሁ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

በየቤቱ አስታማሚ የሆናችሁ ግን ይህን ጠብቁ፤ አንድ ባት ብቻ ቢያብጥና ቢያም፥ ትኩሳት ቢነሣ፥ ቁስል ቢከፈት ወይም መግል ቢያወጣ፥ በድንገት ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ደረት ቢወጋ፥ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም አድርሱት።

በሰባተኛው ሳምንት ስድስት ኪሎ ደረስን። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት ከፊታችን ቆሞ፥ ከወዲያ ማዶ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛፎች ይታያሉ። አክስቴ በርጩማዋን አስቀመጠችና አየችኝ። እኔ መቆም እንደምችል በነገርኋት ጊዜ፥ ነጠላዋን አስተካክላ ራስዋ ተቀመጠችበት።