ድንጋዩን ማን ጠረበው?

በጎፋ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ክፍላችን ጠባብ ናት፤ ክርክራችን ግን ሰፊ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ የተከራከርነው ስለ ግንብ ነበር።

ነገሩን ያመጣው አንድ የታሪክ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የጃፓኑ የሂሜጂ ግንብ ፎቶግራፍ አለ። ኢኬዳ ቴሩማሳ የተባለው መስፍን እ.ኤ.አ. ከ1601 እስከ 1609 አስፋፍቶ ያሠራው ነው። አንዳችን፣ «የእነሱ ባላባቶች እንኳ ምን ሠርተው አለፉ!» ቢል ሌላው ተቆጣ። «ጎንደርን ረሳኸው እንዴ? ሂሜጂ ባለቀ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ እኮ ነው አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት!»

ከዚያማ ማን ያቁመን! የተማርነውን ታሪክ እንደ ዳዊት ደገምነው። አፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል መልቀቃቸውን፤ ፋሲልም የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያንን ማባረራቸውን፤ በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸውን ተናገርን። አራት ማማ ያለው ግንብ የፋሲል፣ ቤተ መጻሕፍቱ የቀዳማዊ ዮሐንስ፣ የዘፈን አዳራሹ የዳዊት፣ የግብር አዳራሹ የበካፋ፤ ከዚያም የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። ልጅ በአባቱ ግንብ መኖር አልበቃ ብሎት የራሱን ይጨምራል። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ቅጥር፣ 12 በሮች፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር…

ቅጥሩ ታዲያ ባለቤቶቹን አላዳነም። ታላቁ ኢያሱ ልጃቸው ዙፋኑን ከያዘ በኋላ በ1706 ተገደሉ። ኢዮአስን በ1769 ያስገደሉት የራሳቸው ራስ፣ ሚካኤል ስሑል ናቸው። ከዚያ በኋላ ዘመነ መሳፍንት ሆነ፤ ንጉሡም በግንቡ ውስጥ የስም ንጉሥ ሆኖ ቀረ።

ይህን ስንል አከራያችን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ኖሯል። የመብራት ሒሳብ ሊጠይቁን ነበር የመጡት። ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መጽሐፉን ተቀብለው የጎንደሩን ሥዕል ወደ አምፖሉ አስጠጉት።

«ድንጋዩን በምንድነው ያያያዙት?»

«በኖራ ነው ጋሼ።»

«ይህን ቅስት አያችሁት? ሲሠራ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ አለው። ድጋፉ ሲነቀል ከሥር የሚቆመው ግንበኛው ነው እንጂ ንጉሡ አይደለም። ለመሆኑ ማን ጠረበው?»

ዝም አልን። የአምስት ነገሥታት ስም ከነዘመናቸው ያወረድን ሰዎች አንድ የጠራቢ ስም አጣን።

መልስ የሰጠው አራተኛው ጓደኛችን ነው። ከጎንደር ወገን የመጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። «ከጠራቢዎቹና ከአናጢዎቹ መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ» አለ። ነገሥታቱ ለሙያቸው ለአንዳንዶቹ መሬትና ሹመት ሰጥተዋቸው እንደነበር፣ የጎንደር ዘመን ሲያልፍ ግን ያ ሁሉ ከእጃቸው እንደ ወጣ ነገረን። ብረት ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም «ቡዳ» ተባሉ። ግንቡን የሠራች እጅ፣ «ሰው ትበላለች» ተብላ ተፈራች። ከጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃና በሌሎችም መንደሮች የነበሩት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በግንቦት 1991 ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ሁለት ቀን በማይሞላ ጊዜ፣ ከዚሁ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነዋል።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የእኔም አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ» አለ።

እዚህ ላይ የሁላችንም ፊት ተለወጠ። ለካ ዓምና አንዳችን ሆዱን አሞት ሲያድር፣ «የጎንደሩ ልጅ በልቶህ ነው!» ብለን በሣቅ ፈርሰን ነበር። እሱም አብሮን ሥቋል። አሁን ስናስበው፣ ያን ቀን ምን ሌላ ምርጫ ነበረው? አራት ሰው በሚያድርባት ክፍል የት ሄዶ ይቆጣ?

እኛ እኮ ስለ ጭቁኖች አፋችንን ሞልተን የምንናገር ነን! ባላባቱን ስናወግዝ ማን ይስተካከለናል? ባላባቱ ለጠራቢው ያወጣለትን ስም ግን በገዛ ክፍላችን፣ በገዛ ጓደኛችን ላይ ስንደግም አልታወቀንም።

ይቅርታ ጠየቅነው። «ይሁን» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። እኛም ነገሩ በአንድ ቃል ያለቀ አልመሰለንም፤ ይህን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው።

ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስሙም የፋሲል ነው። በዚህ ቅር አይለንም፤ ከተማዋን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸውና። ነገር ግን ውድ አንባቢ፣ ጎንደር ሄደህ ከግንቡ ሥር ፎቶግራፍ ስትነሣ የጋሼን ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቅልን። ጎንደር መሄድ ባትችል ደግሞ በምታድርበት ክፍል ውስጥ «ቡዳ» የምትል ቀልድ ስትነሣ አብረህ አትሣቅ። አጠገብህ የተኛው ልጅ አያት ምን ይሠሩ እንደነበር አታውቅም።