ከቀለሙ በፊት

በሄልዋን በናስር ፋብሪካ የተገጣጠሙት አሮጌ ፊያት 128 መኪኖች ዛሬም በካይሮ ጎዳናዎች ሲያልፉ ታያላችሁ። ከመካከላችሁ አንዷን የሚያድስ ቢኖር፣ የጭስ ማውጫዋን ቀለም ሲመርጥ ይህን ያስብ እላለሁ።

ቱቦው በሞተሩ አጠገብ እጅግ ይግላል፤ ወደ ኋላ በሄደ መጠን ሙቀቱ ይቀንሳል። የመኪናዋን ገላ የሚያሳምረው አብረቅራቂ ቀለም በዚያ ግለት ይቃጠላል፣ ይላጣል። እስከ 600 ዲግሪ ገደማ የሚችለው ሲሊኮን ያለበት ቀለም ነው፤ ብዙውን ጊዜም የማያብረቀርቅ ጥቁር ወይም ብርማ ነው። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ፤ ቢላጥ ማደሱ ይቀላልና። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፣ ቅባቱም ይታጠብ፤ ቀለሙ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ በሙቀት ሲበስል ነው።

ይሁን እንጂ ማርሚታ ከውስጥም ይዝጋል። ቤንዚን ሲነድ እንፋሎት ይወጣዋል፤ ጉዞው አጭር ከሆነ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ በውስጡ ይቀራል። ዝገቱ የበሳውን ቀዳዳ ቀለም አይደፍነውም። በዚያ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ መስኮት ዘግቶ የሚጓዝን ቤተሰብ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስበይዱት ወይም ቀይሩት፤ ስለ ውበቱ ከዚያ በኋላ ተማከሩ።