ደብዳቤው የማይነግራችሁ

አክስቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ከሰዓት በኋላ ቡናዋን ጠጥታ ስትጨርስ መነጽሯን ታደርግና አባቷ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የላኩላትን ደብዳቤዎች ታወጣለች። የቀደሙትን የጻፈላቸው የጎረቤት ተማሪ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ግን አያቴ ራሳቸው፣ ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርገው ይጽፉላት ጀመር።

አንዱ ደብዳቤ «ሁላችንም ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ትልሻለች» ይላል። ያን ጊዜ እናቷ አርባቸው ወጥቶ ነበር። መርዶ በፖስታ አይላክም። ብቻዋን እንዳትሰማው ብለው ነው፤ በኋላ ዘመዶች ተሰብስበው፣ ማልደው መጥተው ነገሯት። «አባቴ የዋሸኝ በዚህ ብቻ ነው» ትላለች አክስቴ፤ ደብዳቤውንም ለብቻው ታስቀምጠዋለች።

ወረቀቱን ብቻ ያነበበ የልጅ ልጅ ይህን ከየት ያገኘዋል? እናንተም ቤት ከሣጥን ሥር የተቀመጠ ደብዳቤ ካለ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ አብራችኋቸው አንብቡት። ማን እንደጻፈው፣ ምን እንደተደበቀበት ጠይቋቸው። ካልፈለጉ አታስጨንቋቸው፤ ከነገሯችሁ ግን መልሱን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከደብዳቤው ጋር አስቀምጡት።