ስንተኛው ደቂቃ ላይ?

ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሲወጡ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ብቅ ይላል። የኳስ ቁጥጥር በመቶኛ፣ የጎል ሙከራ፣ ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ፣ የማዕዘን ምት፣ ጥፋት፣ ካርድ። ማስታወቂያ እስኪገባ ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ቤቱን ሲያምስ የቆየው ክርክር ግን በዚያች ቅጽበት መልኩን ይለውጣል። ቡድኑ እየተመራ ያለው ደጋፊ "ኳሱን እኮ የያዝነው እኛ ነን!" ብሎ ብድግ ይላል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ "ታዲያ ጎሉስ?" የሚል ይመጣል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ሰንጠረዥ አጥብቄ እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም አንድ የጎደለው ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ስንት ጊዜ እንደተሞከረ ይነግረናል እንጂ መቼ እንደተሞከረ አይነግረንም።

ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የተጀመረውን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አምሽቶ ያየ ሰው አይረሳውም። ብራዚል በገዛ ሜዳዋ፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ፣ በጀርመን 7 ለ 1 ተሸነፈች። አሁን ውጤቱን ሸፍናችሁ የዚያን ምሽት ሰንጠረዥ ብቻ ብታዩት ያሸነፈችው ብራዚል ትመስላችኋለች። የሞከረችው 18 ጊዜ ነው፤ ጀርመን 14። በኳስ ቁጥጥርም ቢሆን በጥቂቱ ትበልጣለች።

ምስጢሩ ያለው ደቂቃው ላይ ነው። ሙለር በ11ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት አገባ። ከዚያ ክሎዘ በ23ኛው፣ ክሩስ በ24ኛውና በ26ኛው፣ ኬዲራ በ29ኛው። ጨዋታው ያኔ አለቀ፤ የቀረው አንድ ሰዓት ሌላ ጨዋታ ነበር። ጀርመኖች መሮጥ አላስፈለጋቸውም፤ ብራዚሎች ግን ወደፊት ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ከእረፍት መልስ ኦስካርና ፓውሊንሆ ደጋግመው ሞከሩ፤ ኖየር አዳነባቸው። የብራዚልን ቁጥር ከፍ ያደረጉት እንዲህ ያሉት ሙከራዎች ናቸው። የተመራ ቡድን ያጠቃል፣ የመራ ቡድን ያፈገፍጋል። ስለዚህ የሙከራ ብዛት አንዳንዴ የብልጫ ሳይሆን የመመራት ምልክት ይሆናል።

ቁጥርን ያለ ዙሪያ ገባው ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው የቻርልስ ሪፕ ታሪክ ነው። ሪፕ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1950 ስዊንደን ታውን ከብሪስቶል ሮቨርስ ሲጫወት የቡድኑ አጨዋወት አላረካው አለና ከእረፍት በኋላ እርሳስና ወረቀት አውጥቶ እያንዳንዱን ማጥቃት መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርት ዓመታት አላቆመም። የዛሬዎቹ የመረጃ ድርጅቶች በካሜራና በኮምፒውተር የሚሠሩትን እሱ በእጁ ሠርቶታል፤ ለዚህ ትጋቱ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ድምዳሜው ግን ጠማማ ነበር። ከመቶው ጎል 80 ገደማ የሚሆነው ከ3 ባልበለጠ ቅብብል እንደሚገኝ አየና፣ እንግዲያው ኳሱን ቶሎ ወደፊት መምታት ነው የሚያዋጣው አለ። ያልጠየቀው፣ ከጠቅላላው ማጥቃት ውስጥ ከ3 ባልበለጠ ቅብብል የሚያልቀው ስንቱ ነው የሚለውን ነው። እሱ ራሱ በመዘገበው መሠረት ከመቶ 90 በላይ ነው! እንግዲህ 90 የሚሆነው ማጥቃት 80 ጎል ሲያመጣ፣ የቀረው ከ10 ያነሰ ማጥቃት 20 ጎል አመጣ ማለት ነው። ረጅሙ ቅብብል ከድርሻው በላይ ነበር የሰጠው። በእንግሊዝ ብዙ ዓመት የተወደሰው የረጅም ኳስ አጨዋወት አንዱ መሠረቱ ይህ የተሳሳተ ስሌት ነው።

በእርግጥ ቅብብል ብቻውንም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ከሩሲያ ጋር ስትጫወት ከ1000 በላይ ኳስ አቀብላ በመለያ ምት ወደ አገሯ ተመልሳለች።

ወደ እኛው እንምጣ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅተው ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉት ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀቱ ድምቀት ገና አልበረደም። ተጋጣሚያቸው ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ሰኢድ የመታት ፍፁም ቅጣት ምት ዳነች። ዛሬ ለእያንዳንዱ ሙከራ የመግባት ዕድሉን የሚያሰላው ዘዴ፣ ከ4 ፍፁም ቅጣት ምት 3ቱ ገደማ ጎል ይሆናል ይላል፤ ያቺ አራተኛዋ ሆነችብን። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያም ልክ ለእረፍት ሊወጡ ሲሉ አገባች። ከእረፍት መልስ ግን አዳነ ግርማ ለ10ሩ ልጆች የአቻነቷን ጎል አገባ። አገር ጮኸ።

በአራተኛው ቀን ነገሩ ተገለበጠ። ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ የእሷ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። አሁን በሰው የምንበልጠው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጎል ገባብንና 4 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለቱም ጨዋታ ካርዱ ከወጣ በኋላ በጎደሎ የተጫወተው ቡድን አግብቷል። እኔ እንደማየው፣ በሰው ብልጫ ያለው ቡድን ጎል ፍለጋ ወደፊት ሲነቅል ከተከላካዮቹ ጀርባ ሰፊ ሜዳ ትቶ ይሄዳል፤ ፈጣን አጥቂ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ነው። "11 ለ 10" የሚለው ቁጥር ይህን አያሳይም።

ቁጥር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም በአገራችን ኳስ የምመኘው ብዙ እንዲቆጠር ነው። ለዚህም ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በአንድ የሰፈር ውድድር ላይ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ የተቀመጠ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ አይቻለሁ። ደብተሩ ላይ ሜዳውን ሥሎ በስድስት ከፍሎታል። ቡድኑ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር በተነጠቀበት ክፍል የኤክስ ምልክት ያደርግና ከጎኑ ደቂቃውን ይጽፋል። ለእረፍት ሲወጡ በግራ መስመር ያለው ክፍል በምልክት ተጨናንቋል፤ አብዛኞቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጻፉ ናቸው። ተመልካቹ የግራ ተከላካዩን ሲሰድበው ቆይቷል። ዋናው አሰልጣኝ ግን ደብተሩን አየና ልጁን ትቶ፣ ደክሞት ከፊቱ የጠፋውን አማካይ ቀየረ። ተከላካዩ ከዚያ በኋላ የሚያቀብለው ሰው አገኘ። ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ በልጁ ስም "የተነጠቀ ኳስ" ብሎ ደምሮት ያልፍ ነበር።

በየሰፈራችሁ ኳስ የምታዩ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። እያንዳንዱን ሙከራ ከየት እንደተመታ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደነበረና ያን ጊዜ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር ጻፉ። ሲያልቅም ወረቀቱን ለአሰልጣኙ ስጡት።