ያልገባንበት ቤት

ውድ አንባቢ፣ ይኸን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ የሰጠሁት ገጽ መሙያ እንዲሆናቸው ብዬ አይደለም። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማታ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ያደረግሁትን ሦስት ሰዎች አይተውታል። ሦስት ሰው ያየውን ነገር ግቢው ሁሉ ቢያነበው ብዙ ልዩነት የለውም ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግዳ ነው። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ አጎት ከግሪክ አገር መጥተው ነበር። ጊምቢ አካባቢ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው፣ አቴና ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገዱ ሰላም ሆኗል ሲባል ሰምተው ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዘው ነቀምት ገቡ። ከአምቦ ወዲህ ጉደርን ሲያልፉ ሾፌሩን «የወይን ጠጁ ጉደር ይኸ ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ጋሼ፣ ያኛው በጠርሙስ ነው፤ ይኸኛው በመኪና ነው የሚታለፈው» አላቸው አሉ። ይኸን እያወሩ ሲያስቁን ዋሉ።

ከምሳ በኋላ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ወሬው ከጉደር ወይን ተነስቶ ሳንቶሪኒ ወደምትባል ደሴት ሄደ። በግሪክ አገር የኖረ ሁሉ ያችን ደሴት አያይም፤ እሳቸውንም ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ነው የላኳቸው። ደሴቲቱ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ያስተረፋት ናት። ፍንዳታው ከሆነ ከ3,500 ዓመት በላይ አልፎታል። መሬቷ አመድና ድንጋይ፣ ዝናቧ ጥቂት፣ ንፋሷ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ የወይኑን ተክል እንደ ሌላው አገር በእንጨት ደግፈው አያቆሙትም፤ ሐረጉን እንደ ቅርጫት እየጠመዘዙ መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ፍሬው በቅርጫቱ ውስጥ ከንፋስ ተደብቆ ያድጋል። ከባሕር የሚነሳው የሌሊት ጭጋግ ያጠጣዋል። አሲርቲኮ የሚባለው ነጭ ወይናቸው ከዚህ የሚወጣ ነው። ፍሬውን ደግሞ ፀሐይ ላይ አስጥተው ካደረቁት በኋላ ቪንሳንቶ የተባለ ጣፋጭ ወይን ይጠምቁበታል።

«ታዲያ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስምንት ሰዎች ሆነን በአንዲት ትንሽ መኪና ተነሳን» አሉን። «የምትመራን አንዲት ወጣት ልጅ ናት። ከአንዱ ጠማቂ ወደ ሌላው እየወሰደች በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ታስቀምሰናለች። ይኸኛው እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው እያለች ታስረዳለች። በመጨረሻ ኢያ ከሚባለው መንደር ጫፍ አቁማ ፀሐይዋ ባሕር ውስጥ ስትገባ አሳየችን። ለዚህ ነው እንግዲህ ዓለም ሁሉ ገንዘቡን የሚያፈሰው!»

ሦስተኛው ጓደኛችን የጎንደር ልጅ ነው፤ ነገር መቆስቆስ ይወዳል። «እዚህስ ጠጅ አለ፣ ፀሐይም ትጠልቃለች። የጎደለን መሪ ብቻ ነው» አለና ወደኔ ጠቆመ። «እሱ የነቀምት ልጅ ነው።»

እኔም ሳላስብ እሺ አልኩ። ሳላስብ ማለቴ ውሸት ነው፤ አስቤአለሁ። ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የትኞቹ ሦስት ቤቶች እንደምንገባና በየት በኩል እንደምናልፍ፣ በተለይ ደግሞ በየት በኩል እንደማናልፍ፣ ሻዩን ሳልጨርስ በልቤ ነድፌው ነበር።

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ሰፈሩን ለእንግዶቼ በዚህ አስተዋወቅኋቸው። እንደ ሳንቶሪኒዋ ልጅ መሆኔ ነው እንግዲህ! የመጀመሪያው ቤት ስንገባ ቦካ አዘዝኩ። የጎንደሩ ልጅ ቀምሶ «ይኸ እኮ ብርዝ ነገር ነው፤ ገና አልቦካም» አለ። እኛ ዘንድ ቦካ የምንለው ለስላሳውን እንደሆነ ስነግረው «ያልቦካውን ቦካ ትሉታላችሁ?» ብሎ ሳቀ። እንግዳችንም አብረው ሳቁ። እኔም ሥራዬ የሰመረ መሰለኝ።

ሁለተኛው ቤት ጠንከር ያለ ዳዺ ቀዱልን፤ ጠጅ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ምላሴ ተፈታ። ጋኑ አስቀድሞ በወይራ ጭስ መታጠን እንዳለበት፣ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ሰፈፉ ወደ ላይ እንደሚወጣና እንደሚገፈፍ ነገርኳቸው። ከዚያ ከብርዙ ተቀንሶ ከጌሾ እንጨት ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጋኑ ውስጥ ይገባል። ሙቀት ካለ በአሥር ቀን፣ ብርድ ከሆነ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደርሳል። ስኳር የተጨመረበትን ጠጅ ምላስ ቶሎ ይወደዋል፣ ራስ ግን በማግሥቱ ይጠላዋል አልኳቸው።

ሦስተኛው ቤት ደግሞ ስለ ማሩ ተናገርኩ። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከቢጫዋ አበባ፣ በኦሮምኛ ቱፎ ከምትባለው ነው፤ መልኩ ወርቅ፣ ጠባዩ ገር ነው። የግራዋ ማር ወደ ጥቁርነት ያደላል፣ ጥቂት ምሬትም አለው፤ ጠጅ ሲሆን ግን ያች ምሬት ትፈለጋለች። የብሳናው ማር የሚቆረጠው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ድሮ ጠጅ የቤተ መንግሥትና የባላባት መጠጥ እንደነበረ፣ ማርም በግብር ይገባ እንደነበረ፣ በከተማችን የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ መቆሙንም ጨመርኩላቸው።

እንግዳችን ብርሌአቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ማን አስተማረህ?»

«ከመጽሐፍ ነው ጋሼ» አልኩ።

ውድ አንባቢ፣ መጽሐፍ አይደለም። እናቴ ናት። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ጠጅ ጥላ ትሸጣለች። የተማርኩበት ደብተር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁት ሻንጣና ብርድ ልብስ፣ በየወሩ የምትልክልኝ ገንዘብ፣ ሁሉም ከጋን የተቀዳ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሰው ሲጠይቀኝ «እናቴ ነጋዴ ናት» እላለሁ። ውሸት አይባልም፤ ትነግዳለችና። ጠጅ ሻጭ የሚለው ቃል በሰው አፍ ምን ዓይነት ስድብ እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሳለሁ በሰፈር ጠብ ላይ ተሰድቤበታለሁ። ያኔ በቡጢ ነበር የምመልሰው። ስማር ጊዜ ደግሞ በዝምታ መመለስን ለመድኩ።

ከሦስተኛው ቤት ወጥተን ፀሐይ ወደምትታይበት ዳገት ስንሄድ እኔ ያሰብኩት መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነበር። እንግዳችን ግን «በዚህ አይቀርብም?» ብለው ቀድመውን በአቋራጩ ገቡ። አቋራጩ በደጃችን ያልፋል። ደጃችን ላይ ሰሌን ተዘርግቶ የተከተፈ የጌሾ እንጨት ተሰጥቷል። የወይራ ጭስ ከጓሮ ይሸታል፤ እናቴ ጋን እያጠነች ነበር። አንገቴን ደፍቼ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ገና አጥሩን ሳንጨርስ የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ።

«ሃቲ ኬ ሲ ዋምቲ!» እያለ ይጮኻል። እናትህ ትጠራሃለች ማለቱ ነው።

ዞሬ አላየሁትም። ልጁ ግን ሸሚዜን ይዞ ደገመልኝ። የጎንደሩ ልጅ ኦሮምኛ አይሰማም፤ «ምን ይላል?» አለኝ።

«ሳንቲም ስጡኝ ነው የሚለው» አልኩ።

ጓደኛዬም ኪሱን ዳብሶ ለልጁ አምስት ብር ሰጠው። ልጁ ብሩን ይዞ በገባኝ አልገባኝም ዓይን ሲያየኝ ቆየና ተመለሰ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ 12 ሰዓት አልፎ ነበር። ፀሐይዋ በጊምቢ አቅጣጫ ወርዳ የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ቀልቷል። ከየቤቱ የማታ ጭስ ይነሳል። ባሕር የለም፤ ተራራ ከተራራ ኋላ እየደበዘዘ ሲሄድ ግን ውኃ ይመስላል። የጎንደሩ ልጅና አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ፎቶ ለመነሳት ወደ ጫፉ ሄዱ። እኔና እንግዳችን ቀረን።

«ስለዚያች መሪያችን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ» አሉኝ። «መጨረሻ የገባንበት ቤት እንደ ዋሻ ከአለቱ የተፈለፈለ ነበር። አንድ ሽማግሌ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ በርሜል ያጥባሉ። ልጅቷ እሳቸው አጠገብ ቆመችና ‹አባቴ ነው› አለችን። ሌላ ምንም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1956 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደሴቱን አፍርሶት ብዙ ሰው ጥሎ ወጥቷል። እሳቸው ከቀሩት አንዱ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚሄደው ለፀሐይዋ ነው። እኔን ግን ፀሐይዋን ብትጠይቀኝ ትዝ አትለኝም። ትዝ የሚለኝ ‹አባቴ ነው› ያለችው ነው። እኔ አቴና ስኖር የሰው ቤት ወለል እወለውል ነበር፤ ለልጆቼ ግን ቢሮ እሠራለሁ እላቸው ነበር።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያ ልጅ ሳንቲም አልጠየቀህም» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ባልናገረውም የናቴ ቋንቋ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያኔ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፀሐይዋም ገባች፤ እኔ አላየኋትም።

እንግዶቹን ሸኝቼ ማታውን ብቻዬን ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ጠጪዎቹን ሸኝታ ብርሌ ታጥባለች። አምስት ብሩ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ልጁ አምጥቶ ሰጥቷታል ማለት ነው።

«ሃርሜ፣ ጠርተሽኝ ነበር?» አልኳት።

«እንግዳ ይዘህ ስታልፍ አይቼህ ነው። አንድ አንድ ብርሌ ቀምሰው ይለፉ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አለች። ቀና ብላ አየችኝና መልስ ሳልሰጣት እሷው መለሰችልኝ፤ «ቸኩላችሁ ነው። ፀሐይ ሊገባባችሁ ነበር።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰበብ ፈጥራ ስትሰጠኝ ግን የምይዘው ጠፋኝ። ውሸቴን ሁሉ፣ ከ«ነጋዴ ናት» እስከ «ሳንቲም ስጡኝ» ድረስ፣ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እጇን ከውኃው አላወጣችም። ሰምታ ስትጨርስ «አባትህም ሲያፍር አንገቱን እንዲህ ነበር የሚደፋው» አለችና አንዱን ብርሌ አንስታ ለመብራቱ አሳየችው፤ ጠርቶ እንደሆነ ለማየት ነው።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ይዣቸው መጣሁ። ደጁ ላይ ጌሾው እንደተሰጣ ነው። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች። የሳንቶሪኒዋ ልጅ እንዴት አድርጋ እንደተናገረችው አላውቅም፤ እኔን ግን ጉሮሮዬን ያዘኝ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

የጎንደሩ ልጅ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወዲያው «መጽሐፉ እሳቸው ናቸው ለካ!» አለኝ። ሳቅን። እናቴና እንግዳችን በኦሮምኛ የማን ልጅ፣ የየት አገር እየተባባሉ ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለውን ዘመድ ሁሉ ቆጠሩት። ቦካ ቀዳችልን። እንግዳችን «ከደረሰውስ?» ቢሏት እናቴ ራሷን ነቀነቀች። የደረሰው ቅዳሜ ማታ አልቋል። ሌላው ጋን ገና አራት ቀን ይቀረዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ተሳፋሪ ናቸው። ትንሽ ብቻ ለመቅመስ ቢለምኗት እንኳን «ያልደረሰ ጠጅ ለእንግዳ አይቀዳም፤ ስሜን ያጠፋብኛል» ብላ እምቢ አለች። እኔ የደበቅሁት ስም እሷ ዘንድ እንዲህ ይጠበቅ ነበር።

ጠጁ ሐሙስ ደረሰ። እንግዳችን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበሩ። ከሦስቱ ቤቶች ያስቀመስኳቸው ሁሉ ደህና ነበር፤ ከዚያ የሚሻለውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ቅዳሜ ማታ ባለመግባታችን ነው፤ በኔ ምክንያት።

እናንተ ግን እዚሁ ናችሁ። ቡርቃ ጃቶ ስትመጡ ጌሾ የተሰጣበት ደጅ ካያችሁ ግቡ። አስቀድማችሁ ለኔ ብትነግሩኝ ግን ይሻላል፤ ካልደረሰ አትቀዳላችሁም።