በሺኮኩ ገጠር በባቡርና በመኪና፤ ስለ ጉዞ ማሰናዳት

ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ይጓዛል፤ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ፥ አንድ ጊዜ በእግሩ። ሁለተኛው ጉዞ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በመልእክተኛነት ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፥ ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈውልናል። ካርታ ተዘርግቶ፥ የባቡር ሰዓት ተቆጥሮ፥ ገንዘብ ተደምሮና ተቀንሶ የሚደረገው የመጀመሪያው ጉዞ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። እኛም ዛሬ ስለዚህኛው ጥቂት ለማለት እንወዳለን፤ ሰው በእውነት የሚፈልገው ነገር ጉዞውን ሲያሰናዳ ይገለጣልና። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድማችን በአሜሪካ አገር መኖር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ከተያየንም 11 ዓመት አልፏል። ሴት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፥ የጃፓን መንግሥት የውጭ አገር ወጣቶችን ለቋንቋ ማስተማር ለመቅጠር በ1987 ባቋቋመው ፕሮግራም ገብታ፥ ሺኮኩ በምትባለው ደሴት፥ በኮቺ ክፍለ ሀገር፥ በሺማንቶ ወንዝ አጠገብ ባለ አነስተኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባት ልጁን ሊጠይቅ ተነሣ፤ እኛንም «በዚያው እንገናኝ፤ የአውሮፕላኑን ዋጋ እኔ እችላለሁ፤ አንተ የዓመት ፈቃድህን ብቻ ይዘህ ና» አለን። እናታችን ይህን በሰማች ጊዜ «ከአንድ ማሕፀን ወጥታችሁ ለመገናኘት የሰው አገር አስፈለጋችሁ? ወደኔ ቤት የሚያመጣው መንገድ ጠፋባችሁ?» ስትል ጠየቀችን። ለጊዜው መልስ አልነበረንም። ጥያቄዋ ግን ከካርታው አጠገብ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አብሮን ሠራ።

አንድ ኢትዮጵያዊ የጃፓን ቪዛ ሲጠይቅ፥ ከጋባዡ ደብዳቤ ጋር፥ በየቀኑ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚያደርግ የሚዘረዝር ሰሌዳ ያቀርባል። ዕድሜያችንን በዕቅድና በሪፖርት ለምናሳልፍ የመንግሥት ሠራተኞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፥ የመሥሪያ ቤት ዕቅድ ሳይፈጸም ቢቀር ለሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል፤ ከወንድም ጋር የሚያሳልፉት 12 ቀን ግን አይዛወርም።

ወንድማችን የላከልን የመጀመሪያው ዕቅድ ከሆካይዶ እስከ ኪዩሹ አራቱንም ታላላቅ ደሴቶች በ12 ቀን የሚያስጎበኝ፥ ከሞላ ጎደልም በመኪና የሚፈጸም ነበር። እንጀራውን በመሪ የሚበላ ሰው ስለ ሆነ መንገድ አያስፈራውም። እኛ ግን ባቡር መረጥን፤ ምክንያታችንም ቀላል ነው። የሹፌር ዓይን ከመንገድ ላይ አይነሣም፤ 11 ዓመት ሳይተያዩ የኖሩ ሰዎች ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው መነጋገር ይሻሉ። እርሱም «አንተ ባቡር ባቡር ትላለህ፤ ልጄ ባለችበት መንደር ባቡር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ጠይቀሃል?» ሲል መለሰልን። ልጅቱን ጠየቅናት። የላከችልን የሰዓት ሰሌዳ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ በአንዱ ባቡርና በሚቀጥለው መካከል ሦስት ሰዓት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው መንገድ በባቡር፥ ከከተማ ወደ መንደር የሚገባው በመኪና እንዲሆን ተስማማን።

ማን ይነዳል የሚለውን ደግሞ ሕግ ወሰነልን። ጃፓን፥ ከጥቂት አገሮች ጋር ካላት ልዩ ውል በቀር፥ ለመንገደኛ የምትፈቅደው በ1949 በጄኔቫ በተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው፤ በ1968 በቪየና በተፈረመው መሠረት የተሰጠውን አትቀበልም። አሜሪካ የ1949ኙ ስምምነት አባል ስለ ሆነች ወንድማችን ፈቃዱን እዚያው አውጥቶ ይነዳል። በአዲስ አበባ የተሰጠን መንጃ ፈቃዳችን ለዚህ ስለማያገለግል ለእኛ የደረሰን ሥራ ካርታ ማንበብና «ግራህን ያዝ» እያሉ ማሳሰብ ነው፤ በጃፓን መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነውና። ሌላም የሚያሳስቡት አለ። የባቡር ሐዲድ ከመሻገር በፊት፥ ባቡር ባይታይም እንኳ፥ መቆም ግዴታ ነው፤ ቁልቁል የተዘቀዘቀ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትም «ቁም» ማለት ነው።

ቀጥሎ የገንዘብ ነገር መጣ። ብዙ መንገደኞች ሳያሰላስሉ የሚገዙት፥ በመላው ጃፓን ለመሳፈር የሚያስችል የባቡር ትኬት አለ። የሰባት ቀኑ ዋጋ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ከፍ አለ። ለእኛ ከቶኪዮ እስከ ኦካያማ ደርሶ መልስ በተራ ትኬት ቢታሰብ ከዚህ ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ ልዩውን ትኬት ተውነው። ይህ ስሌት አራቱን ደሴቶች ወደ አንድ አወረዳቸው። ወንድማችን ጥቂት ቢያዝንም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት እናታችን ታዘወትረው እንደ ነበር ስናስታውሰው ሳቀና ዝም አለ።

እንግዲህ ሰሌዳው እንዲህ ሆነ። ጊዜው የቅጠል መለወጫ ወራት፥ የኖቬምበር መጀመሪያ፥ ማለት በእኛ የጥቅምት መጨረሻ ነው። ሰኔ የዝናብ ወር ነው፤ በኦገስት አጋማሽም ጃፓኖች የሙታን መታሰቢያቸውን ለማክበር ወደ ትውልድ አገራቸው ስለሚጎርፉ መንገዱ ይጨናነቃል። ከቶኪዮ እስከ ኦካያማ የሚወስደን ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር ነው። የዚህ ባቡር የመጀመሪያው መሥመር ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳና ሮጦ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ የማራቶን ወርቅ አገኘ። ሺኮኩ ግን ከአራቱ ታላላቅ ደሴቶች ሺንካንሰን ያልደረሰባት ብቸኛዋ ናት። ስለዚህ በኦካያማ ወርደን፥ «ናንፑ» ወደሚባለው ባቡር እንዛወራለን፤ ትርጓሜውም የደቡብ ነፋስ ማለት ነው። ይህ ባቡር በ1988 የተከፈተውን የሴቶ ታላቅ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ሁለት ደርብ አለው፤ በላይ መኪና፥ በታች ባቡር ያልፍበታል። ከዚያ ወዲያ ሐዲዱ የዮሺኖን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ፥ ዋሻ ለዋሻ እየሾለከ፥ ኮቺ ከተማ ያደርሰናል።

መኪናውን የምንከራየው በኮቺ ነው። ወንድማችን እንደ አሜሪካው ሰፊ መኪና ፈልጎ ነበር። የእኅልናዋ ምክር ግን ሌላ ሆነ፤ «አባባ፥ ትንሿን ውሰድ» ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ጻፈችለት። ጃፓኖች ኬይ የሚሏት ይህች ትንሽ መኪና ሞተሯ ከ660 ሲሲ፥ ስፋቷ ከ1 ሜትር ከ48 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ወደ ኢያ ሸለቆ የሚወስደው 439 ቁጥር መንገድ በስሙ ብሔራዊ ይባል እንጂ በብዙ ስፍራ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ምክሯ ትክክል ነበር። በዚያ ወራት ጀምበር 11 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ስለምትጠልቅ፥ ከ10 ሰዓት በኋላ በተራራ ላይ አንነዳም የሚል ደንብ በሰሌዳው ላይ ጽፈናል። ለዕረፍትና ለምሳ የመንገድ ጣቢያዎች አሉ፤ ከ1993 ጀምሮ የተቋቋሙ ሲሆኑ በመላ አገሪቱ ከ1,200 በላይ ናቸው፤ የአካባቢው ገበሬ አትክልቱንና ፍራፍሬውን ይሸጥባቸዋል።

በኢያ ከሐረግ የተጎነጎነ፥ 45 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ አለ፤ በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና ይሠራል። ወደ ሺማንቶ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድልድይ እናገኛለን፤ ዝቅ ብሎ የተሠራ፥ ደገፋ የሌለው፥ ጎርፍ ሲመጣ ውኃው በላዩ እንዲያልፍና እንዳያፈርሰው የታሰበ ነው። በምሥራቁ ጠረፍ ደግሞ የእኛን ክርክር የሚፈታ የሚመስል ተሽከርካሪ አለ። ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ በቶኩሺማና በኮቺ ወሰን የሚሠራው ይህ አነስተኛ አውቶቡስ በመንገድ ላይ በጎማው ይሄድና ጣቢያ ሲደርስ የብረት መንኰራኵሩን አውርዶ እንደ ባቡር በሐዲድ ይጓዛል። ወንድማችን ስለዚህ ሲሰማ «እንግዲህ ሁለታችንም ረታን» አለ።

የተጣላንበት አንድ ስፍራ ቀረ፤ እርሱም ናጎሮ የምትባለው የኢያ መንደር ናት። በናጎሮ የቀሩት ነዋሪዎች ከ30 በታች ናቸው። አንዲት የመንደሩ ተወላጅ ከከተማ ተመልሳ፥ በሞቱትና በሄዱት ሰዎች ምትክ ከጨርቅና ከጋዜጣ አሻንጉሊቶች እየሠራች በየእርሻው፥ በየአውቶቡስ ማቆሚያው አስቀመጠች። ትምህርት ቤቱ በ2012 ተዘጋ፤ ዛሬ በክፍሉ ውስጥ የጨርቅ ተማሪዎች የጨርቅ መምህር ያዳምጣሉ። ነገሩ የናጎሮ ብቻ አይደለም። በ2023 በተደረገው የቤቶች ቆጠራ በጃፓን 9 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ባዶ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ከመቶ 13.8 ነው። የገጠሩ ባቡር በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚመጣውም ተሳፋሪው ስለ ሄደበት ነው።

ወንድማችን ይህን አንብቦ «ናጎሮን ከሰሌዳው አውጣት» ሲል ጻፈ። «ለዕረፍት ሄጄ ባዶ መንደር የማይበት ምክንያት የለም።» ምክንያቱን አላብራራም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የእናታችን ቤት ስድስት ልጆች ያደጉበት ነው፤ ዛሬ በዚያ ግቢ የምታድረው እርሷና አንዲት ረዳቷ ብቻ ናቸው። እኛ እንኳ በአዲስ አበባ ተቀምጠን የምንሄደው ለፋሲካ ነው። ለወንድማችን የመለስንለት ቃል አጭር ነበር፤ «ጋሼ፥ ልጅህ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉት ተማሪዎች 9 ናቸው። እርሷ በየቀኑ የምታየውን እኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ብናየው ምን ይጎዳናል?» ለአሥር ቀን ያህል መልስ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ስለ ናጎሮ ምንም አይልም። «ከቶኪዮ ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢትዮጵያ አውሮፕላን አለ አሉ፤ በዚያ ተመልሼ እናቴ ዘንድ አንድ ሳምንት ብቆይ፥ ከዚያ ወደ አሜሪካ ብሻገር የሚሆን ይመስልሃል? አለቃዬ ተጨማሪውን ሳምንት ገና አልፈቀደልኝም» ይላል። ናጎሮን ግን ከሰሌዳው አላወጣናትም፤ እርሱም ደግሞ አላነሣትም።

ጉዞ የሚያሰናዳ አንባቢ ቢኖር ከዚህ የምንመክረው ጥቂት ነው። ስፍራ ከመምረጥ በፊት አብሮት የሚሄደውን ሰው ያስብ፤ ገንዘቡንም ሰዓቱንም ለዚያ ሰው ያስላ፤ ከተጓዦቹ አንዱ የሸሸው ስፍራ ቢኖር ወዲያው አይሰርዘው፤ ምናልባት ጉዞው የተነሣው ስለዚያ ስፍራ ሊሆን ይችላልና።

ለቪዛ የሚቀርበው ሰሌዳ በ12ኛው ቀን፥ በናሪታ አውሮፕላን ጣቢያ ያበቃል። በእኛ ግልባጭ ላይ ግን ከእርሱ በታች 13ኛ ቀን ጨምረን የእናታችንን መንደር ስም በእርሳስ ጽፈናል። ለእርሷ ገና አልነገርናትም።